በአባቴ ማኅደር ያደረው የፈረንሳዮች መጽሐፍ

እኔ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ሰርቄአለሁ፤ አንድ ጊዜም በሐሰት ምያለሁ። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ምክንያት ነው። ይህን ስነግራቸው የልጅ ልጆቼ "ለመጽሐፍ ብሎ የሚሰርቅ ሰው አለ እንዴ እማማ?" እያሉ ይስቁብኛል። እናንተም ብትስቁ አልከፋም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ነው። አዳማ ያኔ ናዝሬት የሚለው ስም ገና አልወጣላትም። የባቡር ጣቢያው፣ ከጣቢያው ጀርባ የፈረንጆቹ ቤቶች፣ ጥቂት የዓረብና የግሪክ ሱቆች፣ ከዚያ የእኛ ጎጆዎች፤ የቀረው ግራርና አቧራ ነበር። ነፋሱ ሲነሣ ያጠቡት ልብስ ሳይደርቅ መልሶ ይቆሽሻል። ይህን አሳምሬ የማውቀው ሥራዬ ልብስ ማጠብና መተኮስ ስለነበረ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የማጥበውም የጣቢያውን ሹም የሙሴ ጉስታቭን ልብስ ነበር።

አጣቢ ብሆንም ፈረንሳይኛ አነብ ነበር። አባቴ ድሬዳዋ የባቡር ጸሐፊ ሳለ የፈረንሳይ መነኮሳይያት ዘንድ አስገብቶ አስተምሮኛል። እሱ ሲሞት አጎቴ መጣና ዳዊቱን "የወንድሜ ነው" ብሎ ወሰደ፤ ዳዊቱ የሚቀመጥበትን የቆዳ ማኅደር ግን ትቶልን ሄደ። ለምን እንደተወው እስከ ዛሬ አልገባኝም። እናቴ ባዶውን ማኅደር አዳማ ድረስ ይዛው መጥታ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ማኅደሩ ከተንጠለጠለ ባሏ ከቤት ያልወጣ ይመስላት ነበር።

ሙሴ ጉስታቭ ቤት የፈረንሳይን ሕዝብ ታሪክ የሚተርክ፣ አራት ጥራዝ ያለው መጽሐፍ ነበር። አንደኛውንና ሁለተኛውን ያነበብኳቸው ቆሜ ነው። እሱ ጣቢያ ሲውል እኔ ከሰሉን አራግቤ፣ ካውያው እስኪግል አንድ ገጽ አነብና አንድ ሸሚዝ እተኩሳለሁ። ያነበብኩትን ደግሞ ለዘበኛው ለኦቦ ገመዳ እነግራቸዋለሁ። ኦቦ ገመዳ ስድሳን ያለፉ የዚያው የአዳማ ኦሮሞ ነበሩ፤ የቤቱ ቁልፍ በእሳቸው አንገት ላይ ነበር የሚውለው።

አንድ ቀን "የመኳንንቱ እርግቦች የገበሬውን እህል ይበላሉ፤ ገበሬው ግን እንዲገድላቸው አይፈቀድለትም" አልኳቸው።

"ድንጋይም አይወረውርም?" አሉኝ።

"አይወረውርም ኦቦ።"

"እኔ ፈረንጅ ሁሉ ጌታ ይመስለኝ ነበር" አሉና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "እንደ እኛው ናቸው ለካ።"

ችግሩ ሦስተኛው ጥራዝ መደርደሪያው ላይ አለመኖሩ ነበር። ሁለተኛው የሚያልቀው ሕዝቡ ዳቦ አጥቶ፣ ንጉሡም ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ነው። ልጠይቅ ብል በድብቅ ማንበቤ ይታወቅብኛል። ወራት ካለፉ በኋላ ሙሴ ጉስታቭ ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ መሆኑን ነገረኝና ከሳጥኑ የሱፍ ልብሶቹን አውጥቼ እንዳናፍስ አዘዘኝ። ከወፍራሙ ካፖርት ሥር ሦስተኛው ጥራዝ ተቀምጦ አገኘሁት። ለሦስት ቀን ብቻ ብዬ በአንሶላ ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁ። በር ላይ ኦቦ ገመዳ "ምንድን ነው?" ቢሉኝ "ሙሴ ያዋሰኝ መጽሐፍ ነው" አልኳቸው።

እቤት የምደብቅበት ስላጣሁ ማኅደሩ ውስጥ ከተትኩት። ጠበብ ቢልም ገባ። እናቴ ማኅደሩ ሞልቶ ስታየው ዓይኗ እንባ አቀረረ። "የጸሎት መጽሐፍ ነው?" አለችኝ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። "አዎ" አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ስትነሣና ማታ ስትተኛ ትስመዋለች።

ሦስቱ ቀን ሦስት ሳምንት ሆነ። ምክንያቱን ልናገር። በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ አንድ ሰው በእርሳስ እየጻፈ ነበር ያነበበው። ጽሑፉ ደቃቅና ንጹሕ ነው። ስለ ጨው ግብር በሚያወራው ገጽ ላይ "አያቴ ይህን ሲያወሩ ይቆጡ ነበር" ይላል። የፓሪስ ሴቶች ዳቦ ፍለጋ በዝናብ ወደ ንጉሡ ቤተ መንግሥት በእግራቸው የሄዱበት ገጽ ላይ "ጫማ ነበራቸው?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ ከዚያ በፊት ይህን የሚጠይቅ ወንድ ገጥሞኝ አያውቅም። ብዙ ካመነታሁ በኋላ እርሳስ አንሥቼ በአማርኛ "አይመስለኝም፤ እኛም አገር ለአቤቱታ የሚሄዱ ሴቶች ጫማ የላቸውም" ብዬ ከሥሩ ጻፍኩለት።

ከዚያ በኋላ በየገጹ መልስ እሰጠው ጀመር። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የሙሴ ወዳጅ ይሆናል፣ አንድ ቀን መጽሐፉን መልሶ ይገልጠዋል ብዬ አሰብኩ። ልብስ ሳጥብ ከእሱ ጋር እከራከር ነበር። ፍቅር ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ነበር። መልኩን ሳላውቅ፣ ስሙን ሳልሰማ ናፈቅኩት።

ንጉሡ እንደ ተራ ሰው ለብሶ በሠረገላ ሲሸሽ፣ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ሰው ፊቱን አይቶ የሚጠረጥርበት ገጽ አለ። እዚያ ገጽ ግርጌ ላይ "ደክሞኛል። ነገ እቀጥላለሁ" የሚል በእርሳስ ተጽፏል። ጽሑፉን ሳላነብ ወደፊት ያሉትን ኅዳጎች ገለጥ ገለጥ አድርጌ አየኋቸው፤ ንጹሕ ናቸው። እኔም ከሥሩ "እኔም እዚሁ አቆማለሁ። ነገ አብረን እንቀጥላለን" ብዬ ጻፍኩና መጽሐፉን ዘጋሁት። ከዚያ አላለፍኩም።

ሙሴ ጉስታቭ ሊሄድ ያሰበው ሐሙስ ነው። ሰኞ ጠዋት ሳጥኑን ሲያዘጋጅ መጽሐፉን አጣው። እኔ ጓሮ ሸሚዝ የማደርቅበትን አሚዶ እያማሰልኩ ነበር። ዓይኑ ቀልቶ መጣና "አይተሻል?" አለኝ። "አላየሁም" አልኩት። ለአንድ መጽሐፍ እንዲህ መሆኑ ገረመኝ፤ በዚያው ዕለት ልመልስለት ወሰንኩ። እሱ ግን አልጠበቀኝም። በቀጥታ ወደ ጭቃ ሹሙ ወደ አቶ ደምሴ ሄደ።

አቶ ደምሴ የፈረንጅ ዕቃ በእሳቸው ግዛት መጥፋቱ አሳፈራቸውና አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልጆች፦ ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ የሠፈሩ ሰው ወንድ ሴት ሳይባል አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሳይወጣ መበተን የለም። ሥራ ይቆማል፣ ከብት ሳይሰማራ ይውላል፣ የቀረ ሰው ሌባው እሱ ነው ይባላል። እኛም ወዲያው ከጣቢያው ማዶ ካለው ትልቅ ግራር ሥር ተሰበሰብን። ሦስት ሽማግሌዎች ለብቻቸው ተቀምጠው፣ ሁሉም በየተራ እየቀረበ የጠረጠረውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል።

እስከ ቀትር ድረስ የሁሉም ጥርጣሬ አንድ ሰው ላይ ወደቀ። ቁልፍ ያለው ማነው? ኦቦ ገመዳ።

እሳቸው ይህን ሲሰሙ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። "አስካለ፣ ኢንታላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "የጠፋው ያ መጽሐፍ ነው?"

"አዎ ኦቦ።"

"ሙሴ አዋሰኝ ብለሽኝ ነበር።"

መሬቱን በበትራቸው ጫሩ።

"እኔ አልናገርብሽም" አሉ በመጨረሻ። "ግን በአምላኬ በዋቃ ማል ካሉኝ አልዋሽም። በዚህ ዕድሜዬ አይሆንልኝም።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ንጉሡስ አመለጠ?"

"ገና አላነበብኩትም።"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ?"

"ሰው እየጠበቅኩ ነው" አልኳቸው። አልገባቸውም፤ እኔም አላብራራሁላቸውም።

ወደ ማምሻው አቶ ደምሴ ተነሡና "ነገ ሁሉም በመጽሐፍ ይምላል። አልምልም ያለ ታስሮ ወደ አገረ ገዥው ይላካል" አሉ። ቄሱ ለክብረ በዓል ዝቋላ ሄደው ስለነበር የመሐላውን መጽሐፍ ከየት እንደሚያመጡት አንዱ ጠየቃቸው። "አይጠፋም" ብለው እስከ ጠዋት አሰናበቱን።

እየሮጥኩ ነው ቤቴ የደረስኩት። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ መጽሐፉን በአንሶላ ጠቅልዬ ጠዋት ከተተኮሰው ልብስ ጋር ሳጥኑ ሥር ልከተው፣ እዚያው ወድቆ ተገኘ ይባላል። ስገባ ግን ምሰሶው ባዶ ነው።

"እማዬ፣ ማኅደሩስ?"

እናቴ እንዲያ ፊቷ ሲበራ አባቴ ከሞተ ወዲህ አይቼ አላውቅም። "ቅድም ሳንበተን አቶ ደምሴ መጽሐፍ አጥተው ሲጨነቁ ሰማሁና የእኛን ወሰድኩላቸው። ማኅደሩ የባሌ፣ መጽሐፉ የልጄ ነው አልኳቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ነው የተቀበሉኝ።"

"ከፈቱት?"

"ምን ሲሉ ይከፍቱታል? ካህን ናቸው እንዴ?" አለችኝ።

በማግስቱ ማኅደሩ ግራሩ ሥር፣ በርጩማ ላይ፣ እኔው ራሴ በተኮስኩት ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። ሰው እየተነሣ እጁን ይጭንበታል። "የሙሴን መጽሐፍ አልወሰድኩም፣ ሲወሰድ አላየሁም፣ ያለበትን አላውቅም" ይላል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ይስመዋል። ሥጋ ሻጩ ማለ። የሐዲድ ሠራተኞቹ ማሉ። በሳቅ የምትታወቀው ጠላ ሻጭ እንኳ ኮስተር ብላ ማለች። ሙሴ ጉስታቭ ራቅ ብሎ ቆሞ ያያል። የሚፈልገው ነገር ሃያ እርምጃ ላይ ሲሳም እያየ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እናቴ ተጠራች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን ጭና፣ ቃሉን ከሌሎቹ ሁሉ ጮክ ብላ ተናገረች። ስትስመው ግንባሯን አሳርፋ ቆየች። ንጹሕ ነበረች፤ አላወቀችም።

ከዚያ እኔ ተጠራሁ። በዚያ ጥራዝ ውስጥ የፈረንሳይ ሕዝብ እንደራሴዎች አዳራሻቸው ተዘግቶባቸው፣ ኳስ መጫወቻ ቤት ተሰብስበው፣ እጃቸውን አንሥተው ሳንጨርስ አንበተንም ብለው ሲምሉ የሚያሳይ ሥዕል አለ። እጄን ስጭን ያ ሥዕል ከመዳፌ ሥር መሆኑ ታወቀኝ። "ይህ የእግዚአብሔር ቃል አይደለም፤ ብምልበት ምንም አይደለም" አልኩ በልቤ። ማልኩ። ሳምኩትም። የአባቴ ማኅደር የቆዳው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ቀጥሎ ኦቦ ገመዳ ተጠሩ።

"አንተ በራስህ እምነት፣ በዋቃ ማል" አሏቸው አቶ ደምሴ።

"አልወሰድኩም። በዋቃ።"

"የቀረውንስ? አላየሁም በል።"

"የቀረውን አልምልም።"

"ያየኸው አለ ማለት ነው?"

ኦቦ ገመዳ ወደ እኔ አልዞሩም፤ ሆን ብለው የሚያዩት ወደ ሐዲዱ ነበር።

"እሰሩት" አሉ አቶ ደምሴ።

ሁለት ሰዎች መጥተው የኦቦ ገመዳን ክንድ ወደ ኋላ በጠፍር አሰሩ። በትራቸው ወድቃ አቧራ ላይ ተጋደመች። እስካሁን ድረስ ያቺን በትር አያታለሁ። አንድ ሰው የማያምንበትን ቃል ላለመናገር ብሎ ሲታሰር፣ እኔ ደግሞ አሁን ምዬ የተቀመጥኩ ነኝ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም። በርጩማው ዘንድ ደርሼ የማኅደሩን ጠፍር ስፈታ ሰዉ አጉረመረመ። "ኧረ አንቺ ልጅ፣ ምን ልታደርጊ ነው?" አለ አንዱ። መጽሐፉን ስቤ አወጣሁትና ወደ ሙሴ ጉስታቭ ዞርኩ።

"ኦቦ ገመዳን ፍቷቸው" አልኩ። "የወሰድኩት እኔ ነኝ። የጠፋውም መጽሐፍ ይኸው።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጠዋቱን ሙሉ ምን ሲሳም እንደዋለ ገባቸውና ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ጠላ ሻጯ ተከተለቻቸው። አቶ ደምሴ በቁጣ ጠቆሩ። እናቴ ግን አልሳቀችም።

"እኔ ጠዋት ማታ የምስመው ምን ኖሯል?" አለችኝ።

"የፈረንሳይ ሰዎችን ታሪክ ነው እማዬ።"

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከሁሉም የጎዳኝ እሱ ነው።

ሙሴ ጉስታቭ መጽሐፉን ተቀብሎ ወዲያው ገለጠው። ገጾቹን በችኮላ አሳለፈና ቆመ። ጣቱ ፊደሎቼ ላይ አረፈ።

"ይህን ማን ጻፈው?" አለኝ በቋንቋው።

"እኔ።"

"ምን ይላል?"

ስለ ሴቶቹ ጫማ የጻፍኩትን በፈረንሳይኛ ነገርኩት። ሌላ ገጽ ገለጠ፤ እሱንም ነገርኩት። በመጨረሻ እርሳሱ ያበቃበት ገጽ ላይ ደረሰ። መጽሐፉን ወደ እኔ አዞረው።

"ይሄስ?"

"'እኔም እዚሁ አቆማለሁ። ነገ አብረን እንቀጥላለን' ነው የሚለው።"

ሄዶ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀመጠ። ኩራቴን ሁሉ ትቼ ተከተልኩትና "ሰውየው አሁን የት ነው ያለው?" አልኩት።

"ታናሽ ወንድሜ ነበር" አለ። "የገጠር አስተማሪ። ይህን አንድ ጥራዝ ይዞ ጦር ሜዳ ሄደ። ይህን የጻፈ ማግስት ሞተ። መጽሐፉ ከጫማው ጋር ታስሮ እናቴ ዘንድ መጣ።"

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሰዉ ቅጣት ፈርቼ መሰለው። "አይዞሽ፣ ምን ታረጊዋለሽ፣ ሆነ" ትለኛለች ጠላ ሻጯ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለምን እንደማለቅስ የሚያውቀው ሙሴ ብቻ ነበር፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ክስ የለኝም አለ። አቶ ደምሴ ግን ሠፈሩን በማይገባ ነገር በማስማሌ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ እንድጠይቅ ፈረዱ። ተገቢ ነበር። ድንጋዩን በትከሻዬ ይዤ ኦቦ ገመዳ እግር ላይ ወደቅኩ። ወዲያው አወረዱልኝ። እናቴ ዘንድ ስሄድ ግን ድንጋዩ ከትከሻዬ ለመውረድ ብዙ ቆየ። ያወረደችውም ያን ጊዜ አንድ ቃል ሳትናገረኝ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሙሴ ጉስታቭ ጣቢያው ላይ አስጠራኝ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን ጥራዝ በገመድ አስሮ ሰጠኝ። ሦስተኛው ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነበር። "ይህን ልሰጥሽ አልችልም" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

"ስምሽን ጻፊበት። እናቴ የማን ጽሑፍ እንደሆነ ትጠይቀኛለች።"

ያንን ገጽ ገልጦ እርሳስ ሰጠኝ። "አስካለ፣ አዳማ" ብዬ ጻፍኩ። ባቡሩ ወደ ወለንጪቲ አቅጣጫ ሄደ፤ ጭሱ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት። በማላየው አገር፣ በማላውቃት እናት እጅ ላይ፣ የእኔና የእሱ ጽሑፍ አንዱ ከሌላው ሥር ይቀመጣል።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ በድብቅ አንብቤ አላውቅም። እናቴ ከብዙ ወራት በኋላ "ባዶ ማኅደር ማየት አልቻልኩም፤ አንዱን ክተችበት። እኔ ግን አልስመውም" አለችኝ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ "እስቲ ምን እንደሚል አንብቢልኝ" አለች። በየሰንበቱ ከሰዓት እሷና ኦቦ ገመዳ ተቀምጠው፣ እኔ እያነበብኩ ወደ አማርኛ እመልስላቸው ነበር፤ በኋላ ጎረቤቱም ተጨመረ። አራተኛው ጥራዝ የሚጀምረው ንጉሡ ከሞተ በኋላ ነው። ኦቦ ገመዳ "እንግዲያው አላመለጠም" አሉና አዘኑለት፤ እንዴት እንደተያዘ ግን ልነግራቸው አልቻልኩም። ሳይሰሙት ነው የሞቱት።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ከእናንተ አንዱ ፈረንሳይ አገር ሄዶ በአንድ የገጠር ቤት፣ በአሮጌ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ አማርኛ ቢያይ፣ የማን እንደሆነ አሁን ያውቃል። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ገጽ ይይልኝ፤ ምናልባት እናቲቱ የጨመረችው ነገር ይኖር ይሆናል።

ጠላት ከወጣ ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ አንድ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ያንኑ ሦስተኛ ጥራዝ አገኘሁት። እዚያው ቆሜ ገለጥኩት፤ ሴቶቹን አየኋቸው፣ የመሐላውን ሥዕል አየሁት፣ ሠረገላው ዘንድ ደረስኩ። ኅዳጉ ነጭ ነበር፤ ሌላ ቅጂ ነው። ጣቴን ቀጣዩ ገጽ ላይ እንዳደረግሁ ቆየሁና ሳልገልጠው ዘግቼ መለስኩለት።

"አልወደዱትም እንዴ እናቴ?" አለኝ ሻጩ።

"ወድጄዋለሁ" አልኩት። "ሰው እየጠበቅኩ ነው።"